ያረጁ የጭነት መኪናዎች ሞተርና ካምቢዮ አያያዝ፦ በወልቂጤና በቡታጅራ አካባቢ ለሚገኙ ኅብረት ሥራ ማኅበራት

መግቢያ

የእርሻ ወቅት ሲቃረብ በወልቂጤና በቡታጅራ አካባቢ የሚገኙ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ከሚያሳስቧቸው ሥራዎች ዋነኛው ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ከመጋዘን ወደ ቀበሌ ማድረስ ነው። ይህ ሥራ በአብዛኛው የሚከናወነው ብዙ ዓመት ባገለገሉ የጭነት መኪናዎች ነው። እኛ የሰብል ባለሙያዎች ነን፤ የምንመራመረውና የምናስተምረው ስለ አፈር፣ ስለ ዘርና ስለ ማዳበሪያ ነው። ስለ መኪና ሞተር በራሪ ጽሑፍ ማውጣታችን ለአንዳንድ አንባቢ እንግዳ ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ በሙከራ ማሳ ላይ የተገኘ ውጤት በገበሬው ማሳ ላይ የሚታየው ግብዓቱ በወቅቱ ሲደርስ ብቻ ስለሆነ፣ የመኪናው ጤንነት የእኛም ጉዳይ ነው።

ነገሩን በቁጥር እንመልከተው። አንድ 5 ቶን የሚጭን መኪና በአንድ ጉዞ 50 ኩንታል ያደርሳል። ለረጅም ዘመን የተሠራበትን አጠቃላይ ምክር፣ ማለትም በሄክታር 1 ኩንታል ዳፕና 1 ኩንታል ዩሪያ የሚለውን ብንወስድ፣ ይህ ጭነት ለ25 ሄክታር ይበቃል። ግማሽ ግማሽ ሄክታር ለሚያርሱ ገበሬዎች ሲከፋፈል ደግሞ 50 አባወራዎችን ያዳርሳል። ዩሪያው ቢዘገይ ሰብሉ ከበቀለ በኋላም ሊጨመር ይችላል። ዳፕ ግን እንዲህ አይደለም። በውስጡ ያለው ፎስፈረስ በአፈር ውስጥ እንደ ናይትሮጅን ከውሃ ጋር ስለማይጓዝ፣ በሚዘራበት ጊዜ ሥሩ በሚደርስበት ቦታ መቀመጥ አለበት። ቡቃያው ከታየ በኋላ የደረሰ ዳፕ ላይ ላዩን ቢበተን ጥቅሙ በእጅጉ ይቀንሳል። እንግዲህ መኪናው በዘር ሳምንት ጋራዥ ቢቆም የሚጎዳው የመኪናው ባለቤት ብቻ ሳይሆን ሃምሳ ቤተሰብ ነው ማለት ነው።

መኪና ሲበላሽ በተለምዶ የሚወቀሰው ዕድሜው ነው። በእኛ እምነት ግን ያረጀ መኪና ላይ ከዕድሜው የበለጠ ጉዳት የሚያደርሱት አራት ጠላቶች ሲሆኑ፣ እነሱም አቧራ፣ ውሃ፣ ሙቀትና ችኮላ ናቸው። አራቱንም ለመከላከል የሚያስፈልገው ብዙ ገንዘብ ሳይሆን የዕለት ተዕለት ጥንቃቄ ነው። ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው የኤክስቴንሽን ሠራተኞችና የማኅበራት የሥራ አመራር ኮሚቴዎች ይህን ጥንቃቄ ለሾፌርና ለረዳት ለማስረዳት እንዲረዳቸው ነው።

ስለ መኪናዎቹ ጥቂት ቃላት

የከባድ መኪና ታሪክ በአገራችን ከጣልያን ጋር የተያያዘ ነው። በወረራው ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፣ ከገቡት መኪናዎች አንዱ የሆነውን ፊያት 634 ሕዝቡ የቁጥሩን መጨረሻ በጣልያንኛ እየጠራ «ትሬንታ ኳትሮ» አለው። ቀጥሎ የመጣው እ.ኤ.አ. ከ1952 ጀምሮ መሠራት የጀመረው የፊያት 682 ዝርያ ነው። ከዚህ ዝርያ ኤን 3 የተባለው ሞዴል «ኤንትሬ» በሚል ስም በአገሪቱ መንገዶች ሁሉ ታወቀ። ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሽ፣ ፍሬን፣ ፊልትሮ፣ ቴስታታ፣ ባልቦላ፣ ኩሽኔታ የምንላቸው የጋራዥ ቃላት በሙሉ ከዚሁ ከጣልያንኛ የተወረሱ ናቸው። እኛም በዚህ ጽሑፍ የምንጠቀመው ሾፌርና መካኒክ በሚግባቡበት በዚህ ቋንቋ ነው።

ከዚያ በኋላ ከምሥራቅ ጀርመን ኢፋ ደብሊው 50 መጣ። ይህ መኪና ሉድቪግስፌልደ በተባለች ከተማ እ.ኤ.አ. ከ1965 እስከ 1990 የተሠራ ሲሆን፣ በአብዛኛው ባለ 4 ሲሊንደር፣ 6.56 ሊትርና 125 የፈረስ ጉልበት ያለው የናፍጣ ሞተር፣ እንዲሁም ባለ 5 ማርሽ ካምቢዮ አለው። እ.ኤ.አ. በ1977 ኢትዮጵያ ከምሥራቅ ጀርመን ጋር ባደረገችው የቡና ልውውጥ በቡናው ምትክ ከተቀበለቻቸው ዕቃዎች መካከል የጭነት መኪናዎችም ነበሩበት። በገበሬው ዘንድ የኢፋ ስም ከማዳበሪያና ከእህል ጋር የተያያዘው በዚያ ዘመን ነው። ዛሬ በመንገዱ ላይ የሚበዛው አይሱዙ ነው፤ እሱም ቢሆን ብዙው አሮጌ ነው።

አዲስ መኪና መግዛት ለአንድ መሠረታዊ ማኅበር ቀላል አይደለም። በተለይም ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የመኪናም የመለዋወጫም ዋጋ ከፍ ብሏል። ስለዚህ በእጅ ያለውን መኪና አሳምሮ መያዝ የግድ ነው።

1ኛ. አቧራ

ሞተር የሚበላው ናፍጣ ብቻ አይደለም። አንድ ሊትር ናፍጣ ለማቃጠል ቢያንስ 10 ሜትር ኩብ፣ ማለትም 10,000 ሊትር አየር ያስፈልጋል። በበጋ ወራት ከቡታጅራ ወደ ማረቆና ወደ መስቃን ቀበሌዎች በሚወስዱት የገጠር መንገዶች ላይ የሚነሳው አቧራ ደቃቅና ሻካራ ነው። ይህ አቧራ ከዘይት ጋር ሲቀላቀል እንደ መሞረጃ ድንጋይ ሆኖ ፋሻውንና ካሚቻውን ይበላል። ሞተሩ ዘይት መጠጣት፣ ጉልበት ማጣትና ጠዋት አልነሳ ማለት የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው።

ብዙዎቹ አሮጌ መኪናዎች ያላቸው የአየር ማጣሪያ ዘይት የሚጨመርበት ዓይነት ነው። አያያዙም እንደሚከተለው ነው።

ሀ. በደረቅ ወራት በየሁለት ቀኑ፣ በዝናብ ወራት በየሳምንቱ ተከፍቶ ይታይ። በሥሩ የተጠራቀመው ጭቃ አንድ ሳንቲ ሜትር ከደረሰ ወይም ዘይቱ ከወፈረ ተደፍቶ ይለወጥ።

ለ. ሽቦው በንጹሕ ናፍጣ ታጥቦ ይንጠፍጠፍ። በቤንዚን ማጠብ የእሳት አደጋ ስላለው አይገባም።

ሐ. ንጹሕ የሞተር ዘይት እስከ ምልክቱ ብቻ ይሞላ። ከምልክቱ ካነሰ አቧራ ያልፋል። ከበለጠ ደግሞ ሞተሩ ዘይቱን ስቦ እንደ ነዳጅ ሊያቃጥለውና ከቁጥጥር ውጭ ሊጮህ ይችላል።

መ. ከማጣሪያው እስከ ሞተሩ ያለው የጎማ ቱቦና ማሰሪያው ይፈተሽ። ቱቦው በመቀደዱ ወይም በመላላቱ አቧራው በዚያ በኩል ከገባ ማጣሪያው ቢጸዳም ባይጸዳም ልዩነት የለውም።

የወረቀት ማጣሪያ ባላቸው መኪናዎች ላይ አየር የሚነፋው ከውስጥ ወደ ውጭ፣ በዝግታ ነው። ከውጭ ወደ ውስጥ ከተነፋ አቧራው ወደ ወረቀቱ ይበልጥ ይቀበራል። ሁለት መኪናዎች ተከታትለው ሲሄዱ የኋለኛው የፊተኛውን አቧራ እንዳይበላ ርቀቱን ይጠብቅ።

2ኛ. ውሃ

ውሃ ለሰብል ሕይወት ነው፤ በናፍጣ ውስጥ ሲገባ ግን ጥፋት ነው። በናፍጣ ፖምፓ ውስጥ ባሉት ተንሸራታች ክፍሎች መካከል ያለው ክፍተት ከአንድ ሚሊ ሜትር ጥቂት ሺህኛ ብቻ ነው። ይህን ክፍተት የሚያለሰልሰው ራሱ ናፍጣው ስለሆነ፣ ውሃ ሲገባ ብረት በብረት ላይ ይፋቃል፤ ካደረም ይዝጋል። ፖምፓና ኢንጀክተር ደግሞ ከሞተሩ ክፍሎች ሁሉ ውድ ከሚባሉት ውስጥ ናቸው።

ብዙ ማኅበራት ናፍጣ በበርሜል ያስቀምጣሉ። በርሜሉ ግማሽ ሲሆን በባዶው ቦታ ያለው እርጥበት በሌሊት ቅዝቃዜ ወደ ውሃ ተለውጦ ወደ ታች ይወርዳል። ስለዚህ፦

ሀ. በርሜል በጥላ፣ ከመሬት ከፍ ብሎ፣ ክዳኑ ውሃ እንዳይቋጥር ጥቂት ዘንበል ተደርጎ ይቀመጥ።

ለ. ከተንቀሳቀሰ በኋላ ቢያንስ ለ24 ሰዓት ሳይነካ ይረፍ። መቅጃው ቱቦ ከበርሜሉ ወለል 10 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ይቀመጥ። በሥር የሚቀረው ዝቃጭ ለመኪና አይሰጥም።

ሐ. የመኪናው ነዳጅ ታንክ የሚሞላው ጠዋት ሳይሆን ማታ፣ ሥራ ሲያበቃ ነው። ሙሉ ታንክ ውስጥ እርጥብ አየር የሚያድርበት ቦታ የለም።

መ. ጠዋት ሞተር ከመነሳቱ በፊት ከፊልትሮው ሥር ያለው መቅጃ ተፈትቶ በጠርሙስ ትንሽ ይቀዳ። ውሃ ካለ ከሥር ተለይቶ ይታያል።

ፊልትሮ ሲለወጥ ወይም ነዳጅ ሲያልቅ አየር ይገባል። በዚህን ጊዜ ሞተሪኖውን ደጋግሞ ማሽከርከር ባትሪ ከመጨረስ በቀር ፋይዳ የለውም። የፊልትሮው መፍቻ ብሎን ተላልቶ፣ በእጅ ፖምፓው አረፋ የሌለው ናፍጣ እስኪወጣ ተገፍቶ ከተጠበቀ በኋላ ይነሳል። ይህን ሥራ ረዳቱ በሚገባ ሊያውቀው ይገባል።

በሞተር ዘይት ውስጥም ውሃ ሊገባ ይችላል። የዘይት መለኪያው ዘንግ ሲወጣ ዘይቱ ወተት የፈሰሰበት ቡና ከመሰለ የቴስታታው ጓርኒሲዮን አልፏል ወይም ብረቱ ተሰንጥቋል ማለት ነው። ያ መኪና ከዚያ ቦታ በራሱ ኃይል መንቀሳቀስ የለበትም። በክረምት ወንዝ አቋርጦ ያለፈ መኪናም በማግሥቱ የካምቢዮውና የዲፈረንሻሉ ዘይት ይታይለት፤ በመተንፈሻው ቀዳዳ ውሃ ሊገባ ይችላልና።

3ኛ. ሙቀት

ወልቂጤ ከባሕር ጠለል በላይ 1,900 ሜትር፣ ቡታጅራ ደግሞ 2,100 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ይገኛሉ። ይህ ከፍታ በሞተር ላይ ሁለት ነገር ያስከትላል።

አንደኛ፣ አየሩ የሳሳ ነው፤ ከባሕር ጠረፍ ጋር ሲነጻጸር አንድ አምስተኛ ያህል ይጎድላል። ተርቦ የሌለው አሮጌ ሞተር ይህን ያህል ጉልበት ማነሱ የተፈጥሮ እንጂ ብልሽት አይደለም። ጉልበት ይጨምር ብሎ ፖምፓውን ከልኩ በላይ ማስከፈት ግን ትልቅ ስሕተት ነው። ናፍጣው ቢጨምር የሚያቃጥለው አየር ስለሌለ፣ ትርፉ ጥቁር ጭስ፣ የናፍጣ ብክነትና የጋለ ፒስተን ነው። የፖምፓ ማኅተም በመንገድ ላይ መካኒክ እጅ አይከፈት፤ በመለኪያ መሣሪያ ወደሚሠራበት የፖምፓ ቤት ይሂድ።

ሁለተኛ፣ ውሃ ቶሎ ይፈላል። በባሕር ጠለል 100 ዲግሪ ላይ የሚፈላው ውሃ በቡታጅራ በ93 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። የራዲያተር ክዳን ግፊት ይዞ የመፍያውን ነጥብ ከፍ የሚያደርግ መሣሪያ እንጂ መክደኛ ብቻ አይደለም። ጎማው ያረጀ ወይም በጨርቅና በላስቲክ የታሰረ ክዳን ይህን ሥራ አይሠራም። ከክፍሎቹ ሁሉ ርካሹ እሱ ሆኖ ሳለ ብዙ ሞተር የሚቃጠለው በሱ ምክንያት ነው።

ለራዲያተር የሚጨመረው ውሃም ይመረጥ። የጉድጓድ ውሃ በውስጡ ባለው ማዕድን ምክንያት በማንቆርቆሪያ ውስጥ እንደምናየው ያለ ነጭ ቅርፊት በሞተሩ ውስጥ ያበጃል፤ ቅርፊቱም ሙቀት አያሳልፍም። በቆርቆሮ ጣራ ላይ የወረደ የዝናብ ውሃ ለዚህ ሥራ ተስማሚ ነው። የመጀመሪያው ዝናብ ጣራውን ካጠበ በኋላ ያለው በንጹሕ ጄሪካን ተጠራቅሞ ለመኪናው ይቀመጥ።

በመኸር ወቅት ከአውድማ አጠገብ የሚቆሙ መኪናዎች ሌላ ችግር አለባቸው። የጤፍ ገለባ በቬንትሌተሩ ተስቦ በራዲያተሩ ቀዳዳዎች ላይ ይነጠፋል። ከአውድማ የተመለሰ መኪና ራዲያተሩ ከሞተሩ በኩል ወደ ፊት በአየር ወይም በዝግታ ውሃ ይጽዳ።

ሙቀት ጨመረ ተብሎ ቴርሞስታቱን አውጥቶ መጣል በብዙ ጋራዥ የተለመደ ነው። ይህ አይመከርም። ቴርሞስታት የሌለው ሞተር በደጋ ጠዋት ለመሞቅ ብዙ ጊዜ ይፈጃል፤ በቀዘቀዘ ሞተር ውስጥ ያልተቃጠለ ናፍጣ ወደ ዘይቱ ወርዶ ያቀጥነዋል። በአንዳንድ ሞተር ደግሞ ውሃው በአቋራጭ እየዞረ ራዲያተሩን ስለሚዘል ሙቀቱ ይብሳል። የተበላሸ ቴርሞስታት መለወጥ እንጂ መጣል መፍትሔ አይሆንም።

መኪናው መንገድ ላይ ቢፈላ ጭነቱን ይዞ መጓዝ አይገባም። ረዳቱ «ጋሼ፣ ሙቀቱ ወጥቷል፣ ትንሽ እናሳርፈው» ሲል፣ «ወልቂጤ ገብተን እናሳርፈዋለን» የሚል መልስ የተለመደ ነው። ይህ መልስ ብዙ ቴስታታ ፈጅቷል። ይልቁንስ ከመንገድ ወጥቶ መቆም፣ ሞተሩን በሚኒሞ ጥቂት ደቂቃ ማዞር፣ አሁንም ሙቀቱ ከጨመረ ማጥፋትና እስኪበርድ መጠበቅ ነው። ክዳኑ ትኩስ እያለ አይከፈት፤ ብዙ ሰው ፊቱን የተቃጠለው በዚህ ነው። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መድፋትም ብረቱን ይሰነጥቃል።

4ኛ. ችኮላ

ካምቢዮና ፍሪሲዮን ከሦስቱ ጠላቶች ይልቅ የሚጎዱት በሰው እጅና እግር ነው። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚለው አባባል ለማርሽ አለዋወጥ በትክክል ይሠራል።

የፍሪሲዮን አያያዝ። እግርን ፍሪሲዮን ላይ አሳርፎ መንዳት፣ ዳገት ላይ መኪናውን በእጅ ፍሬን ወይም በታኮ ከማቆም ይልቅ በፍሪሲዮን ማንጠልጠል፣ ጭነት ይዞ በሁለተኛ ማርሽ መነሳት ሸራውን ይጨርሳሉ። የፍሪሲዮኑ መርገጫ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር ያህል በባዶ መውረድ አለበት። ይህ ባዶ ከጠፋ ሸራው እያለቀ ነው፤ ከበዛ ደግሞ ፍሪሲዮኑ በሙሉ ስለማይለቅ ማርሽ ይጮሃል።

የማርሽ አለዋወጥ። በብዙ አሮጌ ካምቢዮ ውስጥ የማርሾቹን ፍጥነት የሚያስማማው ቀለበት የለም ወይም አልቋል። ስለዚህ ሾፌሩ ራሱ ማስማማት ይኖርበታል። ማርሽ ሲጨመር ፍሪሲዮን ይረገጣል፣ ወደ ዜሮ ይወጣል፣ ይለቀቃል፤ እንደገና ተረግጦ ቀጣዩ ማርሽ ይገባል። ማርሽ ሲቀነስም ሥርዓቱ ያው ሆኖ፣ በዜሮ ላይ እያለ ፍሪሲዮኑ ተለቆ ጥቂት ነዳጅ ይሰጣል። በሚገባ የተማረ ሾፌር ማርሽ ሲያስገባ ድምፅ አይሰማም። የሚጮህ ማርሽ ሁሉ ጥርሱ እየተቆረሰ ነው።

የካምቢዮ ዘይት። በተለምዶ 90 ቁጥር የሚባለው ዘይት ይሠራበታል፤ ቁጥሩ ብቻ ግን አይበቃም። በቆርቆሮው ላይ ጂኤል-4 ወይም ጂኤል-5 የሚል ምልክት አለ። ጂኤል-5 የተሠራው ለዲፈረንሻል ሲሆን፣ በውስጡ ያለው ቅመም በካምቢዮ ውስጥ የሚገኙትን የነሐስ ቀለበቶች ሊጎዳ ይችላል። የመኪናው መጽሐፍ ካላዘዘ በቀር ለካምቢዮ ጂኤል-4 ይመረጥ። ዘይቱ ሲለወጥ መድፊያው ብሎን ይታይ። እንደ ዱቄት የላመ ብረት የተለመደ ድካም ነው፤ በጣት የሚያዝ ስባሪ ግን የጥርስ ወይም የኩሽኔታ መሰበር ምልክት ነው።

ስለ ጊቤ ቁልቁለት። ከወልቂጤ ወደ ጅማ የሚወስደው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ባልሞላ ርቀት ውስጥ ወደ ጊቤ ድልድይ ይወርዳል። ድልድዩ ያለበት ሸለቆ 1,100 ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ ቁልቁለቱ 800 ሜትር ያህል ነው። ከነጭነቱ 10 ቶን የሚመዝን መኪና ይህን ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት ወደ ሙቀት ቢለወጥ ከአንድ በርሜል በላይ ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት ይበቃል። ከፊሉን የጎማና የአየር ሰበቃ ቢወስደውም የቀረውን ወይ ሞተሩ ወይ ፍሬኑ መሸከም አለበት። ፍሬን ብቻውን ከተሸከመው ሸራው ይግላል፣ መያዝም ያቆማል። ስለዚህ ቁልቁለቱ ሳይጀመር መኪናው ሊቆም ይገባዋል፤ ፍሬኑና የአየሩ ግፊት ታይቶ፣ ዳገቱን ለመውጣት በሚያስፈልገው ማርሽ ይወረዳል።

«ናፍጣ ለመቆጠብ» ተብሎ በዜሮ ማርሽ መውረድ በሦስት ምክንያት የተሳሳተ ነው። አንደኛ፣ ናፍጣ አይቆጥብም። በማርሽ ሲወረድ ሾፌሩ እግሩን ከነዳጅ ካነሳ ፖምፓው ናፍጣ መላኩን ያቋርጣል፤ ሞተሩን የሚያዞረው ቁልቁለቱ ነው። በዜሮ ሲወረድ ግን ሞተሩ በሚኒሞ ለመዞር ናፍጣ ይበላል። ሁለተኛ፣ ሞተሩ ጭራሽ ከጠፋ የአየር ፍሬን መጭመቂያው ይቆማል፤ ሾፌሩ ፍሬን በረገጠ ቁጥር አየሩ እየቀነሰ ይሄዳል። ሦስተኛ፣ በብዙ ካምቢዮ ውስጥ ዘይት ወደ ላይ የሚረጨው ከሞተሩ ጋር የሚዞረው የታችኛው ዘንግ ነው። ሞተሩ ጠፍቶ ጎማው ሲዞር የላይኛው ዘንግ ያለ ዘይት ይሽከረከራል።

የተበላሸ መኪና ሲጎተትም ችግሩ ይኸው ነው። ከጥቂት ኪሎ ሜትር በላይ የሚጎተት መኪና ትራንስሚሲዮኑ ይፈታ። የጥቂት ብሎኖች መፍታት አንድ ካምቢዮ ያድናል።

ጭስና ድምፅ ምን ይናገራሉ?

መካኒክ በሌለበት ሾፌሩ በዓይኑና በጆሮው ብዙ ሊያውቅ ይችላል።

ጥቁር ጭስ፦ አየር አንሷል ወይም ናፍጣ በዝቷል። መጀመሪያ የአየር ማጣሪያው፣ ቀጥሎ ኢንጀክተሩ ይታይ።

ሰማያዊ ጭስ፦ ዘይት እየተቃጠለ ነው። ፋሻ ወይም የባልቦላ መሪ አልቋል።

ነጭ ጭስ፦ ጠዋት ለጥቂት ጊዜ ከሆነ ቀዝቃዛ ሞተር ነው። ሞተሩ ሞቆም ከቀጠለና የራዲያተሩ ውሃ ከጎደለ ውሃ ወደ ሲሊንደር እየገባ ነው።

ፍሪሲዮን ሲረገጥ የሚጀምር ድምፅ፦ የፍሪሲዮኑ መግፊያ ኩሽኔታ።

ፍሪሲዮን ሲረገጥ የሚጠፋ ድምፅ፦ የካምቢዮው መግቢያ ዘንግ ኩሽኔታ።

ማርሽ በራሱ ሲወጣ፦ የመያዣው ሱስታ ደክሟል ወይም የማርሹ ጥርስ ተበልቷል። እጅን ማርሽ ላይ ጭኖ መንዳት ጥገና አይደለም፤ ሹካውን ይበላዋል።

ስለ መለዋወጫ አገዛዝ

መሠራታቸው የቀረ መኪናዎች መለዋወጫ አሁንም የሚፈለገው በአዲስ አበባ መርካቶ፣ በተለይም በሶማሌ ተራ ነው። ገዢው አሮጌውን ክፍል ይዞ ይሂድ። በክፍሉ ላይ የተቀረጸው ቁጥር ይገልበጥ፤ ኩሽኔታ ከሆነ ቁጥሩ ብቻ ይበቃል፣ ከሌላ መኪና የወጣም ቢሆን ቁጥሩና መጠኑ አንድ ከሆነ ይገጥማል። ያገለገለ ማርሽ ሲገዛ ጥርሱ በብርሃን ይታይ፤ ጫፉ የተቆረሰ ወይም እንደ ፈንጣጣ የተበሳሳ አይወሰድ። ተያይዘው የሚሠሩ ሁለት ማርሾች አብረው ቢለወጡ ይመረጣል፤ አዲሱ ከአሮጌው ጋር ሲገጥም አንዱ ሌላውን ይበላልና።

የጥገና ሰሌዳ

የመኪናው የፋብሪካ መጽሐፍ ካለ በሱ መመራት ይገባል። ከሌለ የሚከተለው ሰሌዳ ያገለግላል።

በየቀኑ፦ የሞተር ዘይት በደልዳላ መሬት ላይ፣ የራዲያተር ውሃ፣ ከፊልትሮ ሥር ያለ ውሃ፣ ቺንጋ፣ የአየር ግፊት፣ ጎማ፣ ከመኪናው ሥር የተንጠባጠበ ነገር መኖሩ፣ ሁለት ታኮ መኖሩ።

በየሳምንቱ፦ የአየር ማጣሪያ (በአቧራ ወራት በየሁለት ቀኑ)፣ የባትሪ ውሃ፣ የክሮቼራ ግሪስ፣ የላሉ ብሎኖች።

በየወሩ፦ የካምቢዮና የዲፈረንሻል ዘይት መጠን፣ የፍሪሲዮን ባዶ ልክ፣ የውሃና የአየር ቱቦዎች።

በየ5,000 ኪሎ ሜትር፦ የሞተር ዘይትና ፊልትሮ፣ የናፍጣ ፊልትሮ።

በየዓመቱ፦ የካምቢዮና የዲፈረንሻል ዘይት ለውጥ፣ የራዲያተር እጥበት፣ የባልቦላ ክፍተት፣ የኢንጀክተር ፍተሻ፣ የፍሬን ሸራ።

ዓመታዊው ጥገና የሚከናወንበት ጊዜ ከእርሻው ጋር ይገናዘብ። ምርቱ ተጓጉዞ ካለቀ በኋላ ያሉት ጥርና የካቲት ለዚህ የተመቹ ናቸው። የበቆሎ ዘር ሚያዝያ ላይ ሲደርስ መኪናው ዝግጁ ይሆናል። የመኪና ጥገና ግንቦት ላይ የሚታሰብበት ማኅበር ሰኔ ላይ መኪና ሊያጣ ይችላል።

የማኅበሩና የኤክስቴንሽን ሠራተኛው ድርሻ

ከላይ የተዘረዘረው ሁሉ በሾፌሩ ጫንቃ ላይ ብቻ ሊጣል አይገባም። ኮሚቴው ለዘይትና ለፊልትሮ የሚሆን ገንዘብ በዓመቱ መጀመሪያ ለይቶ ያስቀምጥ። ለእያንዳንዱ መኪና አንድ ደብተር ይኑረው፤ ቀኑ፣ ኪሎ ሜትሩ፣ የተጨመረው ዘይት፣ የተለወጠው ዕቃ ይጻፍበት። በየሳምንቱ የሚጨመረው ዘይት እየበዛ መሄዱን ደብተሩ ከሞተሩ ድምፅ አስቀድሞ ይናገራል። ከልክ በላይ እንዲጫን ሾፌሩን የሚያስገድድ ኮሚቴም ካምቢዮው ሲሰበር ሾፌሩን መውቀስ አይችልም።

የኤክስቴንሽን ሠራተኛው በበኩሉ የማዳበሪያ ፍላጎት ሲያሰባስብ የመኪናውንም ሁኔታ ይጠይቅ። የዘር ቀን፣ የግብዓት ማድረሻ ቀንና የመኪናው ጥገና ቀን በአንድ ሰሌዳ ላይ መውጣት ይኖርባቸዋል። ረዳቶች የነገ ሾፌሮች ናቸውና፣ ማኅበሩ በሚሰጠው ሥልጠና ውስጥ እነሱም ይካተቱ።

ማጠቃለያ

የጉራጌ ሕዝብ በ1950ዎቹ የራሱን የመንገድ ሥራ ድርጅት አቋቁሞ በመዋጮው መንገድ ያሠራ ሕዝብ ነው። ያንን መንገድ ያሠራው ምርቱ ወደ ገበያ፣ የሚያስፈልገውም ዕቃ ወደ መንደሩ እንዲደርስለት ነው። ዛሬ ያንኑ ሥራ የሚሠሩት መኪናዎች ያረጁ ቢሆኑም፣ አየራቸው፣ ናፍጣቸውና ዘይታቸው ንጹሕ ከሆነ፣ ውሃቸው ካልጎደለና ማርሻቸው በትዕግሥት ከተያዘ ገና ብዙ ዘመን ያገለግላሉ። «ሳይቃጠል በቅጠል» እንደሚባለው፣ ዛሬ ጠዋት ከፊልትሮው ሥር የምትቀዳው ግማሽ ኩባያ ውሃ በሰኔ ሃምሳ አባወራዎችን ከማዳበሪያ እጦት ታድናለች።